ማድ ቤቱም ይጻፍ

አርብ ገበያ ከተማ ውስጥ የወለላን ጠላ የማያውቅ ሰው ቢኖር ወይ እንግዳ ነው፣ ወይ መጠጥ እንዳይቀምስ የተገዘተ ነው። ዓርብ በመጣ ቁጥር ገብሱንና ባቄላውን በአህያ ጭኖ የሚመጣው ገበሬ እህሉን ሸጦ ሲያበቃ እግሩ በራሱ ጊዜ ወደ እሷ ግቢ ያመራል። ከፊት ያለው ቤት ግድግዳው ጭቃ፣ ክዳኑ ቆርቆሮ፣ በሩ ሰማያዊ ቀለም የተቀባ፣ ዓይን የሚሞላ ቤት ነው። ከጀርባው ስድስት እርምጃ ራቅ ብሎ ግን አንድ ክብ የሳር ጎጆ አለ። ማድ ቤቱ ነው። አሻሮው የሚታመሰው፣ ጠላው የሚጠነሰሰው እዚያ ነው። ከሰኞ እስከ ሐሙስ እሳቱ አይጠፋም፤ ቢጠፋም ረመጡ አይሞትም።

ለዚህ ሁሉ ጣጣ ምክንያቱ ማድ ቤቱ ነው የሚሉ አሉ። ሐሰት ነው። ማድ ቤቱ ሃያ ዓመት ሙሉ እዚያው ቆሞ ማንንም አስቸግሮ አያውቅም። ጣጣውን ያመጡት ሰዎች ናቸው።

መጀመሪያ ያመጣው የወለላ ታናሽ ወንድም ተሻገር ነው። ተሻገር የእህል ወፍጮ ልትከል ብሎ ተነሳ፤ ባንክ ሄደ፤ ባንኩ መያዣ አምጣ አለው። መያዣ የሚሆን ቤት ያላት እህቱ ብቻ ነበረች። ለመነ፣ አስለመነ፣ ወለላም ወንድም ነውና እሺ አለች። ባንኩ ቀጥሎ ለመያዣነት የቀረበው ቤት የእሳት ኢንሹራንስ ይግባ አለ። እህትና ወንድም ሆድና ጀርባ የሆኑት ከዚህ በኋላ ነው። ለተሻገር ኢንሹራንስ ማለት ባንኩ ፋይል ውስጥ የሚገባ ማኅተም ያለበት ወረቀት ነው። ለወለላ ደግሞ ቤቷ የተቃጠለ ዕለት ቤት መልሶ የሚያቆምላት ነገር ነው።

ወለላ ይህን ያለችው ከመሬት ተነስታ አይደለም። ባሏ ላቀው አይሱዙ ነበረው። ኢንሹራንስ የገባ መኪና ነበር፤ ወረቀቱም በላስቲክ ተጠቅልሎ ሳጥን ውስጥ ተቀምጦ ነበር። አንድ የገበያ ዕለት መኪናው በዝናብ ቁልቁለት ላይ ተገለበጠ፤ ላቀውም በዚያው ቀረ። ወለላ ከተዝካሩ በኋላ ወረቀቱን ይዛ ስትሄድ የኢንሹራንሱ ሰዎች አነበቡላት። ወረቀቱ የእህል መኪና ይላል፤ መኪናው ላይ ግን ከእህሉ በላይ ሰው ነበር። ስለዚህ አይከፈልም አሏት። ሰው ነበር ወይ ቢባል ነበር፤ የገበያ ዕለት አይሱዙ ላይ ሰው የማይሳፈርበት አገር የት አለ? ወለላን ያቃጠላት ግን እነሱ አልከፍልም ማለታቸው ብቻ አልነበረም። እሷም ላቀውም ያን ወረቀት አንድ ቀን እንኳ ገልጠው አንብበውት አለማወቃቸው ነው። ስምንተኛ ክፍል የደረሰች ሴት ማንበብ እየቻለች አላነበበችም። ይህን ለራሷ ይቅር ብላው አታውቅም።

ተሻገር ደብረ ታቦር ካለው የኢንሹራንስ ወኪል ጋር በስልክ ሲነጋገር ሰነበተና አንድ ቀን ደስ ብሎት መጣ። ወኪሉ ዳዊት የሚባል ጨዋ ልጅ ነው አላት። የሳር ማድ ቤት ከቤቱ አጠገብ ካለ ነገሩ ይከብዳል፣ ብዙ ሰው ግን ማድ ቤቱን አያነሳውም፤ ፎቶው ከፊት ብቻ ይነሳል፣ ቆርቆሮውና ሰማያዊው በር ይታያል፣ በቃ፣ አላት። ወለላ ጌሾ እየለቀመች ነበር። ቀና ብላም አላየችው።

"ማድ ቤቱም ይጻፍ" አለች።

ተሻገር ማስረዳት ጀመረ። ማድ ቤቱ ከተጻፈ ክፍያው ይጨምራል፣ ምናልባትም ጭራሽ እምቢ ይላሉ፣ ባንኩ ደግሞ የግንቦትን መጨረሻ ካለፈ ተራውን ለሌላ ይሰጣል። ወፍጮውን የሚያመጣው ሰው ቀብድ ተቀብሏል። ወለላ ይህን ሁሉ ሰማችና ያንኑ ቃል ደገመችለት። ተሻገር ዝም አለ። ተሻገር ዝም ሲል መጠርጠር ነበረባት፤ ሲጮህ እንጂ ዝም ሲል ጤና ኖሮት አያውቅም።

ወኪሉ የሚመጣው ማክሰኞ ከሰዓት ነው ብሎ ነገራት። እስከዚያ ብቅሉን አስፈጭተሽ ብትመለሺ ይሻላል ሲል መከራት፤ አህያውንም ራሱ ጫነላት። ወንድሟ አህያ ሲጭንላት ከስንት ዓመት ወዲህ የመጀመሪያው ነው። ወለላ ማክሰኞ ጠዋት ሄደች። ወፍጮ ቤት ደርሳ ወረፋ ከያዘች ሰዓት ሳይሞላ መብራት ጠፋ። ባለወፍጮው ዛሬ አይመጣም ብሎ በሩን ሲዘጋ ወለላም አህያዋን ከነብቅሉ መልሳ ነዳች።

ግቢዋ ስትደርስ መጀመሪያ ያየችው ማድ ቤቷን ነው። ራሱን ተላጭቷል። ክቡ ግድግዳ ብቻውን ቆሟል፤ ከላዩ ሰማይ ነው። ክዳኑን ብትፈልገው ከአጥር ማዶ፣ ጎረቤቷ በላይነህ ግቢ፣ ከበሬዎቹ በረት አጠገብ እንደታቀፈች ዶሮ ቁጭ ብሏል። አሥራ አራት ጎልማሶች አጥር ጥግ ተቀምጠው ላባቸውን ይጠርጋሉ። በአገሩ ጎጆ ሲዛወር ክዳኑን ሳያፈርሱ ተሸክመው ማዛወር የተለመደ ነው፤ ለፎቶ ብሎ ለአንድ ቀን ማዛወር ግን ተሻገር የፈለሰፈው ነው። ጎልማሶቹ እጃቸው ላይ ጣሳ ይዘዋል። ጣሳው ውስጥ ያለው የራሷ የወለላ ጠላ ነው።

ከፊት ለፊት አንድ ባለመነጽር ቀጭን ወጣት ስልኩን አንስቶ ሰማያዊውን በር ፎቶ ያነሳል። ከሰዓት ይመጣል የተባለው ወኪል ገና በረፋዱ ደርሷል። ተሻገር አጠገቡ ቆሞ ከኋላ የሚታየው ክብ ግድግዳ አሮጌ ፍርስራሽ መሆኑን፣ ሰሞኑን ተንዶ እንደሚነሳ ያስረዳል። ከፍርስራሹ ውስጥ ጭስ ይወጣል። ጠዋት አሻሮ ታምሶበት ነበርና ረመጡ ገና አልበረደም። ልጁም ጭሱን ያያል፣ ተሻገርንም ያያል፣ ፎቶውን ግን ማንሳቱን ይቀጥላል።

ወለላ አህያዋን ለቀቀችና ቀጥ ብላ ወደ ልጁ ሄደች።

"ዳዊት ማለት አንተ ነህ ልጄ?"

"አዎ እትዬ፣ እንደምን አደሩ።"

"እግዚአብሔር ይመስገን። ያ የምታየው ፍርስራሽ አይደለም፤ ማድ ቤቴ ነው። ክዳኑ በላይነህ ግቢ ነው ያለው፤ ትንሽ ታገስ፣ አሁን ይመጣል።"

ከዚያ ወደ ጎልማሶቹ ዞረች። ጣሳውን እንዲያስቀምጡና ክዳኑን ከወሰዱበት እንዲመልሱ ነገረቻቸው። አልጮኸችም። ጎልማሶቹ መጀመሪያ ተሻገርን፣ ቀጥሎ እርስ በርሳቸው፣ በመጨረሻ መሬቱን አዩ። አናጺው አያ አዳሙ ክዳኑ ስንት ጊዜ ይነሳል፣ ሳሩ ይፈታል እኮ ብለው ጉምጉም አሉ። ወለላ ዓይኗን ሳትነቅል ጠበቀቻቸው። ሰው ጠላዋን እየጠጣ እምቢ ሊላት አይችልም፤ ጎልማሶቹ ተነሱ። አሥራ አራት ሰው ክዳኑን ትከሻው ላይ አድርጎ፣ ራሱ ሳሩ ውስጥ ተደብቆ እግሩ ብቻ እየታየ፣ በአጥሩ ክፍት ተመልሶ ገባ። ዳዊት ስልኩን አንስቶ ያንንም ፎቶ አነሳው። ሊስቅ ፈልጎ ሳይስቅ ቀረ።

ተሻገር ፊቱ ጠቁሮ ነበር።

"ወፍጮዬን ገደልሽው እታለም" አላት።

"ቤቴ ሲቃጠል ወፍጮህ ሊያጠፋልኝ ነው?"

ተሻገር በሩን ወርውሮ ወጣ። ወለላ ለዳዊት ውሃ ሰጠችውና ማድ ቤቱን ከውስጥም ከውጭም አሳየችው። ምድጃው የቱ ጋ እንደሆነ፣ ነፋሱ ከየት እንደሚነፍስ፣ በጥር ብልጭታ እየተነሳ ስንቴ እንዳስደነገጣት አንድም ሳትደብቅ ነገረችው። ልጁ ስንት ቤት ዞሮ እንዲህ ያለ ደንበኛ አጋጥሞት አያውቅም። ሰው ሁሉ ደህና ደህናውን ነው የሚያሳየው።

በሁለተኛው ሳምንት ረቂቁ ወረቀት መጣ። ተሻገር እስክሪብቶ ይዞ ነበር የመጣው። ወለላ እስክሪብቶውን እንዳላየች አልፋ ወረቀቱን ተቀበለችና መነጽሯን አድርጋ ደጃፍ ላይ ተቀመጠች። ሁለት ቀን አነበበችው። ያልገባትን ቃል በጣቷ ይዛ ወደ ፊት ትሄዳለች፣ ትመለሳለች። ተሻገር መጀመሪያ ቀን ለመነ፤ በሁለተኛው ቀን አኮረፈ። ሰባተኛው መስመር ላይ ስትደርስ መነጽሯን አወለቀች። በሳር ከተከደነ ማድ ቤት በሚነሳ እሳት ለሚደርስ ጉዳት ድርጅቱ ኃላፊ አይሆንም ይላል።

ለዳዊት ደወለች። ታዲያ ቤቴን የሚያቃጥለው ሌላ ማነው ብላ ጠየቀችው። ልጁ የመብራት ኮረንቲ፣ መብረቅ፣ የክፉ ሰው እጅ እያለ ቆጠረላት። ወለላ ሁሉንም ሰማችው።

"ልጄ፣ የኔ እሳት የሚኖረው ማድ ቤት ነው። እሱ የሌለበትን ወረቀት ምን አደርገዋለሁ?" አለችው።

ዳዊት ያለውን ምርጫ በግልጽ ነገራት። ወረቀቱን እንዳለ መፈረም ይቻላል፤ ርካሹም እሱ ነው። ወይም ማድ ቤቱ በቆርቆሮ ይከደን። ወይም ከዋናው ቤት ይራቅ፤ ከቤቱ ግድግዳ እስከ ማድ ቤቱ ክዳን ጫፍ አሥራ አምስት ሜትር ከሆነ ሰባተኛው መስመር ይሰረዛል፣ ክፍያው በትንሹ ይጨምራል፣ ከማድ ቤት ተነስቶ ቤቱን ለበላ እሳትም ድርጅቱ ይከፍላል። ወለላ አሥራ አምስቱን ሜትርና የክዳኑን ጫፍ ደግሞ እንዲነግራት አደረገችው፤ ከዚያ በደብተር ጻፈችው።

ቆርቆሮው እንደማይሆን ወዲያው አወቀች። ለክብ ግድግዳ ቆርቆሮ አይገጥምም፤ ከመሠረቱ አፍርሶ ባለ አራት ማዕዘን መሥራት ነው፣ ያ ደግሞ ለዘንድሮ አቅሟ አይደለም። ማራቁ ነው የሚቀረው። የማራቁ ክፋት ደግሞ ግቢው ነው። ግቢው ጠባብና ረጅም ነው፤ አሥራ አምስት ሜትር የሚገኘው ወደ ታች፣ ጌሾዎቹ ያሉበት ብቻ ነው። አራት ናቸው። እናቷ የተከለቻቸው ናቸው። የወለላ ጠላ የወለላ ጠላ የተባለው በእነሱ ነው፤ ጌሾ ከገበያ እየገዛ የሚጠምቀውን ሁሉ የምትበልጠው በእነሱ ነው።

ሰው ሁሉ እብደት ነው አላት። በላይነህ ከአጥር ማዶ ሆኖ የሰው ልጅ ለወረቀት ብሎ ጌሾ ይነቅላል ወይ ብሎ ሳቀባት። እሱም ቤቱን ኢንሹራንስ ያስገባ ሰው ነው፤ የሱ ፎቶ ከፊት ብቻ ተነስቶ በአንድ ቀን አለቀ። ወለላ ሦስቱን ጌሾ በራሷ እጅ ቆረጠች፤ ቅጠሉን ቀጥፋ አሰጣች። ያን ዕለት እራት አልበላችም። አራተኛው፣ አሮጌውና ትልቁ፣ ከሁሉ ጥግ ስላለ ተረፈ ብላ ተጽናናች።

ከዚያ ደቦ ጠራች። ያኔ ክዳን የሰረቁት ጎልማሶች ሁሉ መጡ፤ ዓይኗን ለማየት አፍረው ስለነበር ከወትሮው በላይ ሠሩ። አያ አዳሙ በገመድ ለክተው አዲሱን የግድግዳ እንጨት በክብ አስተከሉ። ተሻገርም መጣ። አልተናገራትም፤ ግን ጉድጓድ ቆፈረ። ቅዳሜ ነበር፣ ግንቦት ሃያ ስምንት። ዳዊት ጥቅል ሜትሩን ይዞ ከሰዓት ደረሰ፤ በማግስቱ ማለዳ በአውቶቡስ ይመለሳል። ባንኩ ሰኞ ተራውን ይዘጋል። ጎልማሶቹም ከሰኞ ጀምሮ እርሻ ላይ ናቸው፤ ከዚህ ወዲያ አንድም ሰው አይገኝም። ደመናው በሰማዳ በኩል ጠቁሮ ነበር።

ክዳኑ ለሦስተኛ ጊዜ ተነሳ። ግቢውን አቋርጦ ወርዶ አዲሱ እንጨት ላይ ተቀመጠ። ሰው ሁሉ ተነፈሰ። ምርጊቱ ሌላ ቀን ሴቶቹ ይመርጉታል። ዳዊት ሜትሩን ከቤቱ ግድግዳ ዘርግቶ እስከ ማድ ቤቱ እንጨት ድረስ ሳበው።

"አሥራ አምስት" አለ፤ ወረቀቱንም አውጥቶ ሊጽፍ ጎንበስ አለ።

ተሻገር ያን ሁሉ ቀን ይዞት የነበረውን ትንፋሽ ለቀቀው። አያ አዳሙ ገመዳቸውን በኩራት ጠቀለሉ።

ወለላ ግን ከቤቱ ጥግ አልተንቀሳቀሰችም። ክዳኑን ታያለች። የሳሩ ጫፍ ከእንጨቱ አልፎ ወደ ቤቱ በኩል ግማሽ ሜትር ያህል ዘንበል ብሏል፤ የሳር ክዳን መቼም ዝናቡን ከግድግዳ እንዲያርቅ ተብሎ እንደዚያ ነው የሚሠራው። አያ አዳሙ ዕድሜያቸውን ሙሉ ቤት የሚለኩት ከእንጨት እስከ እንጨት ነው፤ የሳሩን ጫፍ ከቤት የሚቆጥር አናጺ የለም።

"ዳዊት" አለችው። "ስለ ርቀቱ ወረቀትህ ላይ ምን ነበር የሚለው? አንብበው።"

ልጁ አነበበ። ክዳን ጫፍ የሚለው ላይ ሲደርስ ድምፁ ቀነሰ። ሜትሩን እንደገና ሳበው። አሥራ አራት ከግማሽ ሆነ።

አንድ ሁለት ጠብታ ቆርቆሮው ላይ ሲያርፍ ተሰማ። ዳዊት ወደ ወለላ ቀረብ ብሎ ድምፁን ዝቅ አደረገ። ግማሽ ሜትር ምንም አይደለም፣ እኔ አሥራ አምስት ብዬ እጽፈዋለሁ፣ ደብረ ታቦር ሆኖ ማን ይለካዋል አላት። ከልቡ ሊረዳት ፈልጎ ነው። ወለላም ከልቡ መሆኑ ገብቷታል፤ ለዚህም ነው ያልተቆጣችው።

"የምትለካው ዛሬ ነው ልጄ። የተቃጠለ ዕለት ግን አንተ አትመጣም፤ ሌላ ሰው ነው የሚመጣ። ያ ሰው ደግሞ ሜትር ይዞ ነው የሚመጣ" አለችው።

ተሻገር በመጨረሻ ተናገረ። ደክሟል፣ ጭቃ በጭቃ ሆኗል፤ ድምፁ ውስጥ ቁጣ አልቀረም።

"እታለም፣ በቃ። ከዚያ ወዲያ ቦታ የለም። ያለው የእማዬ ጌሾ ነው።"

ወለላ አጥሩ ላይ የተደገፈውን መጥረቢያ አንስታ ወረደች። አሮጌው ጌሾ ግንዱ ወፍራም ነው፤ ሴት በአንድ ምት የምትጥለው አይደለም። መታችው። ደገመችው። ሲሦው እንኳ ሳይቆረጥ እንባዋ መጣ፤ አልሸሸገችውም፤ በክንዷ ጠርጋ መምታቷን ቀጠለች። ጎልማሶቹ ቆመው አዩዋት። ላቀው የሞተ ዕለት ያለቀሰችውን የሚያስታውሱ ነበሩ፤ ያን ጊዜ እጇ ባዶ ነበር። ተሻገር መጥረቢያውን ሊቀበላት እጁን ዘረጋ። እምቢ አለችው። ጌሾው የወደቀው በራሷ እጅ ነው።

መጥረቢያውን መሬት አስቀመጠችና ወደ ሰዎቹ ዞረች።

"ክዳኑን አንሱት። እንጨቱንም ንቀሉ። ግማሽ ሜትር ወደ ታች፣ ከዚያም ስንዝር ጨምሩበት።"

አንድም ሰው ደከመኝ አላለም። አያ አዳሙ ገመዳቸውን ፈትተው አዲሱን ክብ ማስመር ጀመሩ፤ በዚህ ዕድሜዬ ሴት የሳር ጫፍ መለካት አስተማረችኝ ብለው አጉረመረሙ፤ በአባባላቸው ግን ቂም አልነበረበትም። ከአጥሩ ማዶ ሲስቅ የነበረው በላይነህም ሳቁ የት እንደገባ እንጃ፣ ዶማውን ይዞ በክፍቱ ገባና ከተሻገር ጎን ጉድጓድ ያዘ። ዝናቡ መውረድ ጀመረ። ክዳኑ ለአራተኛ ጊዜ ሲነሳ አንድ ትከሻ ጎድሎ ነበርና ዳዊት ወረቀቱን ኪሱ ከትቶ፣ ጫማውን ጭቃ ውስጥ ነክሮ ከሳሩ ሥር ገባ።

ሲጨርሱ ሜትሩን ወለላ ራሷ ያዘች። አንዱን ጫፍ ለተሻገር ሰጥታ ግድግዳው ላይ አስያዘችው፤ ሌላውን ይዛ በዝናቡ ወርዳ የሳሩ ጫፍ ላይ ወጠረችው። አሥራ አምስት ከስንዝር። ዳዊት መነጽሩን እየጠረገ ሰባተኛውን መስመር ሰረዘ፤ ስሙንም ከጎኑ ጻፈበት፤ ማኅተሙንም ከቦርሳው አውጥቶ አሳረፈበት። ተሻገር ኪሱ ውስጥ ሳምንታት የከረመውን እስክሪብቶ አውጥቶ ሰጣት።

ወለላ ግን ወዲያው አልፈረመችም። እጇን በቀሚሷ ጠርጋ ለዳዊት ስልኩን እንዲያወጣ ጠቆመችው።

"አሁን ፎቶ አንሳ" አለችው። "ከፊትም፣ ከኋላም።"